የመጀመሪያ ፕሮግራምሽ ከስቶር ደብተርሽ ይጀምር

ውድ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። አካውንቲንግ ሌቭል 4 ጨርሰሽ፣ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ስቶር ኪፐር ሆነሽ እንደምትሠሪ ጽፈሽልኛል። ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ) መማር ትፈልጊያለሽ፤ ግን ላፕቶፕ የለሽም፣ ሒሳብም ያስፈራሻል። ጓደኞችሽ ስለ ኮዲንግ ቋንቋ አንዱ ጃቫ፣ አንዱ ፓይተን እያሉ ግራ አጋብተውሻል። «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኮዱን ራሱ እየጻፈ እኔ ምን አደከመኝ?» ብለሽም ጠይቀሻል።

ቋንቋውን ቶሎ እንጨርሰው፤ ፓይተን ያዢ። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ቋንቋ ነው። አጻጻፉ ቀለል ይላል፤ አንቺን ለመሰለ ከቁጥርና ከመዝገብ ጋር ለሚውል ሰው ደግሞ በጣም ይጠቅማል። ፍላጎትሽ ዌብሳይት መሥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጃቫስክሪፕት እልሽ ነበር። አንዱን በደንብ ያወቀ ሌላውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። ስለዚህ በምርጫ ጊዜ አታባክኚ።

ላፕቶፕ ለመግዛት ደግሞ እንዳትበደሪ። አንድሮይድ ስልክ ካለሽ ፓይተን ስልክ ላይ ለመጻፍ የሚያገለግለውን ፓይድሮይድ 3 የሚባል አፕ ጫኚ። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በስልክ ረጅም ኮድ መጻፍ ያሰለቻል፤ ለጅምር ግን ይበቃል። ሒሳቡንም ቢሆን፣ በየቀኑ 15 በመቶ ቫት የምታሰላ ልጅ ለመነሻ የሚበቃውን ታውቃለች። ከባዱ ሒሳብ የሚመጣው እንደ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር ማድረግ) ያለው ውስጥ ጠልቀሽ ስትገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስቶር ውስጥ 25 ቆርቆሮ አለ፣ 5 ገባ እንበል። ሁለቱን ቁጥር ጠይቆሽ ድምሩን የሚነግርሽ ፕሮግራም ጻፊ። ራን ስታደርጊው (ስታስነሺው) 30 ይላል ብለሽ ስትጠብቂ 255 ሊልሽ ይችላል። ምክንያቱም ፓይተን «ኢንፑት» (input) በሚለው ትእዛዝ የተቀበለውን ሁሉ የሚይዘው እንደ ጽሑፍ ነው። ደምር ሲባል 25ን እና 5ን ጎን ለጎን ይገጥማቸዋል። «ኢንት» (int) በሚለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ስትቀይሪያቸው 30 ይመጣል።

ከዚያ ደግሞ በቁጥሩ ቦታ «አምስት» ብለሽ በፊደል ጻፊበት። ፕሮግራሙ ይቆምና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይደረድርልሻል። አትደንግጪ፤ ከታች ጀምረሽ አንብቢው። የመጨረሻው መስመር የስህተቱን ዓይነት ይነግርሻል። ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ስንተኛው መስመር ላይ እንደተፈጠረ ተጽፏል። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው ኮዲንግ ከብዶት ሳይሆን ይህን ጽሑፍ ሳያነብ ስለሚዘጋው ነው።

የኤአይ ጥያቄሽም እዚሁ ላይ ይመለሳል። ኤአይ ኮድ ይጽፋል፣ እውነት ነው። ግን ልብ በይ፣ 255 ያለው ፕሮግራም ምንም የስህተት መልእክት አላሳየም። ስቶሩ ውስጥ 255 ቆርቆሮ እንደሌለ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ኮዱን ማንበብ ካልቻልሽ ስህተቱ የቱ ጋ እንደገባ አታገኚውም። ስለዚህ መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪ፤ ሲያቅትሽ ኤአይን «ይህ ስህተት ምን ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። «ሙሉውን ሥራልኝ» ካልሽው ግን ምንም አትማሪም።

ኮርስ ከፈለግሽ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የሥልጠና ፕሮግራም ነፃ የኦንላይን ትምህርትና ሰርተፍኬት አለው። ውሰጂው። ቀጣሪ ግን ከሰርተፍኬቱ በላይ የሠራሽውን ማየት ይፈልጋል፤ የምታሳዪው ደግሞ ይኸው የስቶር ፕሮግራምሽ ይሆናል።

አደራ፣ ሥራሽን እንዳትለቂ። ሀዋሳ ላይ ለጀማሪ ፕሮግራመር ሥራ በቀላሉ አይገኝም፤ ይህን ደብቄ ላበረታታሽ አልፈልግም። የንብረት አያያዝና ሒሳብ ማወቅሽ ግን ከሌሎች ጀማሪዎች የሚለይሽ ነገር ነው። ኮዲንጉን እሱ ላይ ጨምሪበት።

በዚህ ሳምንት የቆርቆሮውን ፕሮግራም ሞክሪና ጻፊልኝ። የሆነ ቦታ ከያዘሽ የጻፍሽውን ኮድና የስህተቱን የመጨረሻ መስመር አብረሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።