ውሃው የት ይሄዳል? ጥያቄና መልስ ከሲቪል መሐንዲስ ጋር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት መንገድና የውሃ መውረጃ ላይ ነው። ስለ ሲስተም ቲንኪንግና ከአመራር ጋር ስላለው ግንኙነት የጠየቃችሁኝን እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተም ቲንኪንግ በቀላል አማርኛ ምን ማለት ነው?

አንድን ነገር ለብቻው ሳይሆን ከሚነካውና ከሚነካካው ጋር ማየት ነው። አስፋልት ስታዩ ከሥሩ ቱቦ፣ ከጎኑ ቦይ፣ ቦዩ ውስጥ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ አለ። ሁሉም የአስፋልቱን ዕድሜ ይወስናሉ።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን አዲስ ቦይ ተሠራ። እኛ ዳንን፣ ከታች ያሉት ግን ጎርፍ ገባባቸው። ለምን?

ይሄን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። የአፈር ቦይ ነበር፣ በኮንክሪት አለበስነው። ኮንክሪት ልሙጥ ስለሆነ ውሃው ፈጥኖ ይወርዳል። ድሮ ተንጠባጥቦ የሚደርሰው ባንዴ ደረሰ። ከታች ያለው ካልቨርት (ውሃውን ከመንገድ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦ) አሮጌና ጠባብ ነው፤ ውላችን ግን እሱ ጋ ሳይደርስ ያበቃል። በክረምቱ አንዲት እናት ቤታቸው አስገብተው ግድግዳውን አሳዩኝ። የጭቃው መስመር ጉልበቴ ጋ ይደርስ ነበር። ስሌቴ ልክ ነበር፤ እስከ ውሉ ወሰን ድረስ። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ይሄ ከአመራር ጋር ምን አገናኘው? የተሳሳተው መሐንዲስ ይጠየቅ፣ አለቀ።

ወንድሜ፣ መጠየቁስ ይጠየቅ። ግን አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ በሐያት ሬጀንሲ ሆቴል የሆነውን ተመልከት። ዘመኑ 1981 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች አንዱ ካንዱ በላይ ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱንም የሚይዘው አንድ ወጥ ዘንግ ነበር። ለሥራ ስለማይመች ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ የታችኛው ድልድይ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። ያኔ ከላይኛው ድልድይ ሥር ያለው ዳዶ የራሱን ብቻ ሳይሆን የታችኛውንም ጭነት ተሸከመ። እጥፍ ማለት ነው። የፋብሪካው ሥዕል የመሐንዲሶቹ ማኅተም አርፎበት አለፈ፤ መጋጠሚያውን ግን እንደገና ያሰላ አልነበረም። ድልድዮቹ ተደርምሰው 114 ሰው ሞተ። መሐንዲሶቹ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። እኔ እዚህ ላይ የማየው ለውጥ ሲመጣ «ማን ያሰላዋል?» ብሎ የሚጠይቅ መሪ መጥፋቱን ነው።

ጥያቄ፦ ግድብ ላይስ?

ቆቃን ውሰዱ። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከላይኛው አዋሽ ማሳዎች ታጥቦ የሚመጣው ደለል የውሃውን ቦታ እየያዘው ነው። መድኃኒቱ ያለው ገበሬው እርከን ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አስፋልት በተነጠፈ በወሩ የሚቆፈረውስ? እኔ የፕሮጀክት ኃላፊ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ከመንጠፉ በፊት ውሃን፣ መብራትን፣ ቴሌን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ደብዳቤ መጻፍ ብቻ አይበቃም፣ አንድ ሥዕል ላይ ይፈርሙ። ደግሞ ፎርማንሽ «እዚህ ጋ ያልታወቀ ቱቦ አለ» ብሎ ሥራ ሲያቆም አትቆጪው፣ በሰው ፊት አመስግኚው። አንዴ ከተቆጣሽው ሁለተኛ አይነግርሽም።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተመርቄ ሳይት ልገባ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

ሲዘንብ ቢሮ አትቀመጥ። ቦቲ አድርግና ውሃውን ተከትለህ ውረድ። ከውልህ ወሰን እለፍ። ታች ስትደርስ ቤቶቹን አንኳኳና ያለፈው ክረምት እንዴት እንደነበር ጠይቅ።