በኤአይ አይከን ለምትሠሩ፦ የአገር ስም አትጻፉለት፣ ቅርጹን ስጡት

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የጠየቅሽውን አየሁት። ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በምትሠሪው አፕ ላይ ሃያ አይከን (በስክሪን ላይ የሚነኩ ትንንሽ የሥዕል ምልክቶች) ያስፈልግሻል። ሥዕል የሚሠራውን ኤአይ «ገበሬ» ስትዪው ቀይ ሸማ የለበሰ የኬንያ ማሳይ፣ «ሐኪም» ስትዪው ነጭ ወንድ ያመጣብሻል፤ «ገበያ» ብለሽ ስታስጽፊው ደግሞ ማንም የማያነበው ጭረት ይሆናል። «የትኛው ኤአይ ይሻለኛል?» ብለሻል። በዚህ ጉዳይ ሁሉም ይቀራረባሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አንቺ የምትሰጪው ነገር ነው።

ካንቺ ጥያቄ ሥር የጻፉት አብዛኞቹ «ኢትዮጵያዊ የሚል ቃል ጨምሪበት» ብለውሻል። እባክሽ እሱን አታድርጊ። ብዙ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚለፋው በዚህ ምክር ምክንያት ነው። ማሽኑ የተማረው ከኢንተርኔት ከተሰበሰቡ ፎቶዎችና አብረዋቸው ከተጻፉ መግለጫዎች ነው። የአገራችን ስም በእንግሊዝኛ አብሮ የሚገኘው ደግሞ ባብዛኛው ከድርቅ ዜና፣ ከእርዳታ ቅስቀሳና ከቱሪስት ፎቶ ጋር ነው። ስለዚህ ስሙን ስትጽፊ የተሰነጠቀ መሬት፣ የከሳ ከብትና ባዶ እግሩን የቆመ ሽማግሌ ይመጣል። የጎጃም ማሳ በነሐሴ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ገበሬ ያንን ሥዕል በስልኩ ላይ ሲያይ ስለ እሱ የተሠራ አይመስለውም።

ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ሌሎችም ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ደራሲዎች ሚድጆርኒ የተባለውን የሥዕል ኤአይ «ጥቁር አፍሪካውያን ሐኪሞች ነጭ ሕፃናትን ሲያክሙ» እያሉ ደጋግመው ጠየቁት፤ ታካሚዎቹ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጥቁር ሆነው ወጡ። በዚያው ዓመት የዜና ድርጅቱ ብሉምበርግ ስቴብል ዲፊዩዥን በተባለ ሌላ የሥዕል ኤአይ ከ5,000 በላይ ምስሎች አሠርቶ ሲመረምር፣ ደመወዙ ከፍ ያለ ሥራ ሲጠቀስ ቆዳው ይነጣል፣ ዝቅ ያለው ሲጠቀስ ይጠቁራል። ኩባንያዎቹ ከበስተጀርባ ቃል እየጨመሩ ለማስተካከል ሲሞክሩም በሌላ በኩል ይበላሻል፤ ጉግል በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጄሚናይ የተባለው ኤአዩ ሰው እንዳይሥል ያቆመው ታሪካዊ ሰዎችን በተሳሳተ መልክ ስላወጣ ነበር። አንቺም ቃል ብትደራርቢ የምታገኚው ያንኑ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ።

1ኛ፦ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ጻፊ። ቻትጂፒቲን የመሰሉት አማርኛ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ለሥዕል የሚሆነውን ትእዛዝ ራሳቸው እንደገና ጽፈው ስለሚያስተላልፉት አንቺ ያላልሽው ቃል ሊገባበት ይችላል። በኮምፒውተርሽ ላይ ስቴብል ዲፊዩዥን የምትጠቀሚ ከሆነ አማርኛን ጭራሽ ተዪው። ጽሑፍ አንባቢው ክፍል በአንድ ጊዜ የሚይዘው 77 ቶከን (ማሽኑ ጽሑፍን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) ነው፤ ሁለቱ የመነሻና የመድረሻ ምልክት ናቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ስለሆነ እስከ 3 ቶከን ሊበላ ይችላል። ሃያ አምስት ፊደል ገደማ ስትጽፊ ቦታው ይሞላል፤ የገባውንም ቢሆን ትርጉሙን አያውቀውም።

2ኛ፦ የአገርም የብሔርም ስም አውጪ፤ በምትኩ ዓይን የሚያየውን ዘርዝሪ። «ጋቢ» ቢባል አያውቅም፤ «ወፍራም ነጭ የጥጥ ልብስ፣ በአንድ ትከሻ ላይ የተጣጠፈ» ቢባል ያውቃል። ጥቁር አረንጓዴ ቁምጣ፣ በትከሻ ላይ የተጋደመ ዱላ፣ ኮንጎ ጫማ፤ ሁሉንም በቀለምና በቅርጽ ግለጪ። ከዚያ የአሠራሩን ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፦ ጠፍጣፋ አይከን፣ አራት ቀለም ብቻ፣ ጥላ የሌለው፣ ጽሑፍ የሌለው፣ ከፊት ወይም ከጎን የሚታይ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሃያውም አይከን ላይ አንዲት ቃል ሳትለውጪ ገልብጪ፤ አይከኖቹ የአንድ ቤት ልጆች የሚመስሉት እንዲህ ሲሆን ነው። አንድ በአንድ ከምታሠሪ ደግሞ በአንድ ሥዕል ላይ አራት፣ ሁለት በሁለት አድርገሽ አሠሪ። 1024 በ1024 ፒክስል ላይ ለእያንዳንዱ 512 ይደርሰዋል፤ ይበቃል። ዘጠኝ ብታደርጊው ለአንዱ 340 ገደማ ብቻ ስለሚደርሰው ጣትና ቀንድ መቆራረጥ ይጀምራል።

3ኛ፦ ዋናው ይህ ነው፤ ቅርጹን ራስሽ ስጪው። በሬውን እንይ። በቃል ብቻ ስታዢው የሚመጣው ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር የፈረንጅ ላም ነው፤ ሻኛ የለውም። ማረሻ ስትዪው ሁለት እጀታና ጎማ ያለው የብረት ማረሻ ያመጣል። ቀንበሩን አንዳንዴ በግንባሩ ላይ፣ አንዳንዴ እንደ ፈረስ ኮርቻ በጀርባው ላይ ያደርገዋል። የእኛ ቀንበር ከሻኛው ፊት አንገት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሞፈሩ በሁለቱ በሬዎች መካከል አልፎ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ገበሬው ዕርፉን የሚይዘው በአንድ እጁ ነው፣ ሌላው እጅ የጅራፉ ነው። ይህን ለማሽን በቃል ለማስረዳት መሞከር ድካም ነው። በሬውን ከጎን፣ ጠዋት፣ ከበስተኋላው ሰማይ ወይም ባዶ ግድግዳ እንዲሆን አድርገሽ በስልክሽ አንሺ፤ ባለቤቱን አስፈቅጂ። ከዚያ በነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ጥቁር ማርከር ዙሪያውን ብቻ ሣይ። ሥዕል አልችልም አትበዪ፤ ፎቶውን አትመሽ መስኮት ላይ በብርሃን ብትገለብጪውም ይሠራል። ሻኛውን ከእውነተኛው ትንሽ አግንኚው፤ በትንሽ መጠን የሚታየው ያኔ ነው።

ያንን ንድፍ «ከምስል ወደ ምስል» በሚለው መንገድ አስገቢ። የለውጥ መጠኑ (ማሽኑ ንድፍሽን ምን ያህል እንዲለውጥ የምትፈቅጂበት ቁጥር) ከ0.45 እስከ 0.55 ይሁን። ከ0.3 በታች ካደረግሽው የማርከርሽን ጭረት ብቻ ይመልስልሻል፤ ከ0.7 ሲያልፍ ሻኛው ይጠፋና የፈረንጁ ላም ይመለሳል። ኮንትሮልኔት (ማሽኑ ንድፍሽን እንዲከተል የሚያደርገው ተጨማሪ መሣሪያ) ካለሽ «ስክሪብል» የሚለውን ምረጪ፣ ክብደቱን 0.8 እስከ 1 አድርጊ፤ ያኔ ቅርጽሽን ይጠብቃል፣ ቀለሙንና አሠራሩን ብቻ እሱ ይጨምራል። በድረ ገጽ የሚሠሩት ላይ ደግሞ ንድፉን ጭነሽ «ዙሪያውን አትንካ፣ ቀለም ብቻ ሙላ» ብለሽ እዘዢ። ለጀበና፣ ለመሶብ፣ ለምጣድና ለታንኳም መንገዱ ይኸው ነው። ጀበና ስትዪው ብዙ ጊዜ የሻይ ማንቆርቆሪያ ያመጣል፣ እንጀራ ስትዪው ፓንኬክ፤ ጤፍ ስትዪው የስንዴ ዛላ ይሥላል፣ የጤፍ ዛላ ግን የተበተነና ወደ ጎን የሚያጎነብስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትዪውም የፈረንጅ ሹል ማማ ነው የሚያቆመው፤ ክብ ቤት ከነጉልላቱ ከፈለግሽ ንድፉን አንቺ ስጪው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሬና ገበሬ አንድ ላይ በ24 ፒክስል ላይ አታስቀምጪ። ጭቃ ይሆናል። ለትንሹ መጠን ዕርፍ፣ ሞፈርና ማረሻውን ብቻ ሣይ፤ የትኛውም የጎጃም ገበሬ በአንድ ዓይን ያውቀዋል። ሁለቱን በሬዎች ለመግቢያ ገጽ ትልቅ ሥዕል ተያቸው።

ስለ ሰው አይከን ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማሽኑ ቆዳውን ካልነገርሽው ወደ ነጭ ወይም ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ሐኪሙን ወንድ፣ ነርሷን ሴት፣ ገበሬውን ሁልጊዜ ወንድ ያደርጋል። በአፕሽ ላይ የጤና ባለሙያ የሚል ምልክት ካለ ለገጠር ሰው ትርጉም ያላት እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ እሷም ባብዛኛው ሴት ናት። በትእዛዙ ላይ «ሴት፣ ስስ ነጭ የጥጥ ልብስ በትከሻዋ የጣለች፣ ቦርሳ የያዘች» በይ። የቆዳ ቀለሙን ግን በትእዛዝ አትጨቃጨቂ። ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ሦስት ቡናማ ቀለም አዘጋጂና ለሁሉም ሰው አይከን እነሱን ብቻ ተጠቀሚ፤ ለምሳሌ ቀይ 141፣ አረንጓዴ 85፣ ሰማያዊ 36፤ ጠቆር ላለው 92፣ 56፣ 28፤ ቀላ ላለው 198፣ 134፣ 66። ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው ንጽጽር ቢያንስ 3 ለ 1 ይሁን። ጠቆር ያለ ፊት ጥቁር አረንጓዴ ላይ ብታስቀምጪ በፀሐይ ላይ ስልክ ለሚያይ ሰው ፊቱ ይጠፋል፤ ለጠቆረ ፊት ክሬም ወይም ፈዛዛ ቢጫ ጀርባ ይሻላል።

ሌሎቹን አድልዎዎች ሰው ልብ አይላቸውም። ገንዘብ ስትዪው የዶላር ምልክት፣ ገበያ ስትዪው የሱፐርማርኬት ጋሪ ያመጣል። የእህል ገበያ ከሆነ ጆንያና ሚዛን፣ የቤት አስቤዛ ከሆነ ዘንቢል አድርጊ። የሕክምና ቦርሳ ሲሥል ደግሞ ቀይ መስቀል ይለጥፍበታል፤ ያ ምልክት በ1949 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፣ ለአፕ ጌጥ አይሆንም። ለመጀመሪያ እርዳታ ዓለም አቀፉ ምልክት በአረንጓዴ ላይ ነጭ መስቀል ነውና ቀለሙን ለውጪው።

ፊደልን በተመለከተ አጭር ነው፦ ማሽኑ ግዕዝ አይጻፍልሽ። «ጽሑፍ የሌለው» ብለሽ አሠሪና ፊደሉን ኢንክስኬፕ ላይ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት ራስሽ ጻፊ፤ ከዚያ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» በሚለው ወደ ቅርጽ ለውጪው፣ አለበለዚያ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ሣጥን ይሆናል። ከአንድ ወይም ከሁለት ፊደል በላይ በአይከን ውስጥ አታስገቢ።

አሁን ወደ ፋይሉ። «ጀርባው ግልጽ ይሁን» ስትዪው አንዳንዱ እውነተኛ ግልጽ ጀርባ ሳይሆን ግራጫና ነጭ የዳማ ሠሌዳ ሥሎ ይሰጥሻል። በምትኩ ጀርባውን በሥዕሉ ውስጥ በሌለ አንድ ወጥ ቀለም አስሞዪው፤ ደማቅ ሐምራዊ፣ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 0፣ ሰማያዊ 255፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ኢንክስኬፕ ላይ «ፓዝ» ውስጥ «ትሬስ ቢትማፕ»ን ክፈቺ፣ ባለ ብዙ ቀለሙን ምረጪ፣ የቀለሙን ቁጥር 5 አድርጊ፤ አራቱ የአይከንሽ፣ አንዱ የጀርባው። ሲያልቅ ሐምራዊውን ሰርዢ። ጠርዙ ላይ ቀጭን ሐምራዊ መስመር ከቀረ እሱንም አንድ በአንድ አጥፊ፤ በነጭ ላይ ባይታይም በጥቁር ላይ ያስጠላል። በቅርጹ ጠርዝ ላይ ያሉት ነጥቦች በመቶዎች ከሆኑ «ሲምፕሊፋይ» አንዴ ብቻ ተጫኚ፤ ሁለቴ ከሆነ ቀንዱ ይደነዝዛል።

ለፕሌይ ስቶር የሚገባው 512 በ512 ፒክስል ፒኤንጂ፣ ከ1024 ኪሎባይት ያልበለጠ ነው፤ ማዕዘኑን አንቺ አታክብቢ፣ እነሱ ይቆርጡታል። ስልኩ ላይ የሚቀመጠው «አዳፕቲቭ» አይከን (እያንዳንዱ ስልክ በራሱ ቅርጽ የሚቆርጠው) 108 በ108 ዲፒ (የአንድሮይድ የመጠን መለኪያ) ሆኖ አስተማማኙ ክፍል መካከለኛው 66 ዲፒ ክብ ብቻ ነው፤ ዱላውም ቀንዱም ከዚያ ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ አንዳንዱ ስልክ ይቆርጠዋል።

ሁሉን ከመጨረስሽ በፊት ስድስቱን ብቻ በ24፣ በ32 እና በ48 ፒክስል አውጥተሽ፣ ከሥር ስም ሳትጽፊ፣ አፑን ለማያውቁ ሰዎች በስልክ አሳዪ። ገበያ ለመጡ ገበሬዎች ከሆነ እጅግ ጥሩ። «ይህን ወደዳችሁት?» አትበዪ፤ ለእንግዳ ሰው እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ «ጥሩ ነው» ይሉሻል። «ይህ ምንድን ነው? ብትነኩት ምን ይመጣል?» በይ። ከአምስት ሰው ሁለቱ ከሳቱት አይከኑ ይለወጥ። በ1024 ላይ ቆንጆ የሆነውን አይቶ ሃያውንም አጽድቆ ወደ ቬክተር (ኢንክስኬፕ ላይ ወደምታወጪው የመስመር ቅርጽ) መለወጥ፣ ከዚያ በትንሹ መጠን ሲታይ እንደገና ከዜሮ መጀመር፤ ከሁሉ የሚያስከፍለው ስሕተት ይህ ነው።

አሠሪዎችሽ «ማሽን ለሠራው ምን ልክፈል?» ካሉሽ አትቀበዪ። ይህ አነጋገር በጣም ያናድደኛል። የማርከሩን ንድፍ፣ ማሽኑ መጀመሪያ ያመጣውን ዥጉርጉር ላምና አንቺ ያስተካከልሽውን ጎን ለጎን አድርገሽ አሳዪያቸው። ማሽኑ የሚያውቀው በሬ የእነሱ በሬ አይደለም፤ ሻኛውንና ቀንበሩን በቦታው ያዋለው ያንቺ እጅ ነው፣ ዋጋውም የእሱ ነው። ንድፎቹንና ኤስቪጂዎቹን (የኢንክስኬፕ ፋይሎቹን) ቀን ጽፈሽ አስቀምጪ። ያለ ሰው እጅ በማሽን ብቻ የተሠራ ሥዕል በአሜሪካ የቅጂ መብት አያገኝም፤ የራስሽን ድርሻ የምታሳዪው በእነዚያ ፋይሎች ነው።

የቀረችው ሰዓቷ ናት። የማዳበሪያ ማከፋፈያ ሰዓት የሚል አይከን አለሽ ብለሻል። የእጅ ሰዓት ማስታወቂያዎች ዘንጎቹን 10፡10 ላይ ስለሚያቆሙ ማሽኑም ሌላ ሰዓት ብትዪው እንኳ ብዙ ጊዜ እሱኑ ይሥላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኑ የሚል አፕ ላይ 10፡10 የሚያሳይ ሰዓት ቢቀመጥ የትኛውን እንደሚያምን ገበሬው ይቸገራል። አንድ ክብና ሁለት መስመር ኢንክስኬፕ ላይ ራስሽ ሣይ፤ አጭሩ 3 ላይ፣ ረጅሙ 12 ላይ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።