«ሙስናን እጠላለሁ» ሥራ አያስቀጥርም

የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። በክሪሚኖሎጂ (በወንጀል ጥናት) ተመርቀሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። ፖሊስ መሆን አትፈልጊም፤ ማረሚያ ቤትም አልሳበሽም። ልብሽ ያለው ፀረ ሙስና ውትወታ ላይ ነው። ግን ካመለከትሽባቸው አራት ድርጅቶች አንዱም አልጠራሽም። «ሕግና ሒሳብ የተማሩ ሞልተው እኔን ማን ይፈልገኛል?» ብለሻል። የማመልከቻ ደብዳቤሽንም አያይዘሻል፤ ከእሱ ልጀምር።

የመጀመሪያው መስመር «ከልጅነቴ ጀምሮ ሙስናን አጥብቄ እጠላለሁ» ይላል። አምንሻለሁ። ግን እኮ ጉቦ የሚበላውም ሰው ቢጠየቅ «እጠላለሁ» ነው የሚለው። ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ይቺ ልጅ ወንጀሉ እንዴት እንደሚሠራ ይገባታል ወይ?

እዚህ ላይ ትምህርትሽ ይጠቅምሻል። የሕግ ባለሙያው «የትኛው አንቀጽ ተጣሰ?» ይላል። የሒሳብ ባለሙያው «ስንት ጎደለ?» ይላል። አንቺ ደግሞ «ይሄን ለማድረግ ምን አመቸው? ማንስ አይቶ ዝም አለ?» ትያለሽ። አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ኤድዊን ሰዘርላንድ ባለ ከረባቶቹም ወንጀለኛ እንደሚሆኑ ለአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ማኅበር የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ተማሪው ዶናልድ ክሬሲ ደግሞ የሰው ገንዘብ በአደራ ተረክበው ያጎደሉ እስረኞችን ሄዶ አነጋገረ። ብዙዎቹ ለራሳቸው ምን ይሉ ነበር መሰለሽ? «ተበድሬ ነው፤ እመልሰዋለሁ።» ሰውን ወደ ማጭበርበር ያደርሱታል የሚባሉት ሦስቱ ነገሮች፣ ጫና፣ አጋጣሚና ማሳበቢያ፣ የመጡት ከዚያ ሥራ ነው። ይሄን ለፈተና ሸምድደሽ አልፈሽው ይሆናል። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንዲት ቃል የለም!

አሁን ሥራ ልስጥሽ። አንድ ዘርፍ ብቻ ምረጪ፤ የመድኃኒት ግዢ እንበል። ይፋ የወጡ የጨረታ ሰነዶችን ፈልጊና የተጫራቾቹን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጪ። አሸናፊው 100 ባለበት ዕቃ ሁሉ ሁለተኛው ልክ 105፣ ሦስተኛው ልክ 110 ካሉ ቆም በይ። እውነተኛ ነጋዴ በአንዱ ዕቃ ይረክሳል፣ በሌላው ይወደዳል። ሦስቱም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ካገኘሽ ደግሞ ጸሐፊው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ዓርብ ማታ ወጥቶ ሰኞ ጠዋት ከተዘጋም መዝግቢው።

እንዲህ ያለው ነገር ምልክት ነው፤ ማስረጃ ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል። ከሥሩ «ሌላ ምን ሊያስረዳው ይችላል?» ብለሽ ጻፊ። የተሸናፊዎቹን ዋጋ ጭራሽ ካላገኘሽስ? ብዙ ቦታ ይፋ አይደረግም። እንግዲያው የምትወተውችበትን ጉዳይ አገኘሽ ማለት ነው፤ ይፋ ይሁን ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ውትወታ ሲባል መፈክርና ሰልፍ የሚመስለው ብዙ ነው። አብዛኛው ቀን ግን የሚያልቀው ሰነድ በማንበብ፣ አጭር ማስታወሻ በመጻፍና የሚወስነውን ሰው ደጅ በመጥናት ነው። ያየሽውን በሁለት ገጽ አጠቃልይው። ከዲግሪሽ ይልቅ እሱ ይናገርልሻል።

ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት አንዲት ጉድጓድ አለች። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ፀረ ሙስና ድርጅት ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ከ1995 ጀምሮ የሙስና ግምት መለኪያ ያወጣል። ዛሬ ነጥቡ ከ0 እስከ 100 ነው፤ ከፍ ያለው ነጥብ ሙስናው አነስተኛ ነው ተብሎ ይገመታል ማለት ነው። የሚለካው ባለሙያዎችና የንግድ ሰዎች በመንግሥት ዘርፍ ስላለው ሙስና ያላቸውን ግምት ነው። «ነጥቡ በሁለት ስለወረደ ሙስና በዚያው ልክ ጨምሯል» ካልሽ አለቀልሽ። አንቺ ደግሞ ለፖሊስ ያልደረሰ ወንጀል ከቁጥር ውጭ እንደሚቀር የተማርሽ ሰው ነሽ። ሙስና ላይ ሰጪም ተቀባይም ዝም ስለሚሉ ችግሩ ይብሳል። ይሄን ከተናገርሽ ጠያቂው ቀና ብሎ ያይሻል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀውን የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትም አንብቢ። ጊዜ ካጠረሽ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የሚለው አንቀጽ 13 እና ስለ ጠቋሚዎች ጥበቃ የሚለው አንቀጽ 33 ለጊዜው ይበቁሻል።

ማስተርሱን ለአሁን ተይው። የተመሰከረለት የማጭበርበር መርማሪ የሚያስብለው የምስክር ወረቀትም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ይቆይ። ባንክ ውስጥ ሕገ ወጥ ገንዘብ ቁጥጥር ክፍል ቦታ ከተገኘ ግን አትናቂ። ዓላማሽን የከዳሽ አይምሰልሽ፤ ገንዘብ እንዴት እንደሚደበቅ የሚያስተምርሽ ደሞዝ እየከፈለ ነው። የውትወታ ድርጅቶች ቅጥር አብዛኛውን ጊዜ በፕሮጀክት ነው፤ ፈንዱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ይሄን ለቤተሰብሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። አንድ ቀን አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሙስናን የሚያጋልጥ ወረቀት ይዞልሽ ይመጣል። ስሙን ስለደበቅሽለት ብቻ የተደበቀ እንዳይመስልሽ። ያ ወረቀት በመሥሪያ ቤቱ ሦስት ሰው እጅ ብቻ የገባ ከሆነ ፎቶውን በለጠፍሽበት ሰዓት ሰውየው ታውቋል። ከምንም በፊት «ይሄን ስንት ሰው አይቶታል?» ብለሽ ጠይቂ። ብቻሽንም አትወስኚ፤ ከጠበቃና ልምድ ካለው ሰው ጋር ተማከሪ። መርማሪ ነኝ ብለሽ ሰው መከታተልማ አይታሰብም።

ደብዳቤውን አሁን አታስተካክይው። መጀመሪያ ሁለቱን ገጽ ጨርሺና ላኪልኝ። የመጀመሪያውን መስመር ከዚያ ውስጥ እናወጣዋለን።