ልጄ ብቻዋን ባስና ባቡር መሳፈር ትችላለች ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ 20 ዓመቷ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። በቅርቡ የትምህርት ቤቱ ባስ ይቋረጥባታል። ሥራ የምትለማመድበት ቦታ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ብሩክላንድ ስለሆነ ከቤት ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በባስ፣ ከዚያ ሬድ ላይን በሚባለው የሜትሮ ባቡር መሄድ አለባት። መምህሯ «መንገድ የሚመራ አፕ አለ» አለችሽ። አንቺ ደግሞ «አፕ አምኜ ልጄን ልልቀቃት ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

የኔ ልጅ ዳውን ሲንድሮም አለው። ዛሬ ሥራ የሚሄደው ብቻውን በሜትሮ ባስ ነው። ያየሁትን ልንገርሽ። አፑ ይረዳል፤ ግን ሙሉውን መንገድ ለአፑ አትስጪው። ልጅሽ በትክክል የምትቸገርበትን ቦታ ፈልጊና መሣሪያውን እዚያ ላይ ብቻ አድርጊው። የቀረውን በልምምድ ትይዘዋለች።

መጀመሪያ ያለ ምንም አፕ አብረሻት ሂጂ። ከኋላዋ ሆነሽ እዪ እንጂ አትምሪያት። ፌርማታው ጋ መቆም፣ የመጣው ባስ የሷ መሆኑን ማወቅ፣ መቀመጥ፣ መውረጃዋ መቃረቡን ማወቅ፣ ገመዱን መሳብ፣ ወርዶ መሻገር፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚለመድ ነገር ነው። ብዙውን ከጠበቅሽው በላይ ቶሎ ትይዘዋለች። ልጄ ካርድ ታፕ ማድረጉን፣ ሹፌሩን ሰላም ብሎ ቦታ መያዙን ወዲያው ነው የለመደው። የተቸገረው መውረጃው ላይ ነው። በመስኮት እያየ ሐሳብ ይወስደዋል፣ ባሱ ያልፋል። አዲስ አበባ ቢሆን ለወያላው አደራ ብለሽ ትሰጪዋለሽ፣ እሱም «እዚህ ጋ ውረድ» ይለዋል። እዚህ አስታዋሽ የለም፤ በድምፅ ማጉያ የሚጠራውን ስም ሰምቶ ገመዱን መሳብ የሱ ፋንታ ነው።

ይሄ ችግር የብዙዎች ነው። ታምፓ ያለው የሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ ብለው የስልክ ፕሮግራም ሠርተዋል። ሥራው በጣም ጠባብ ነው። ባሱ ወደ መውረጃው ሲቃረብ «ተዘጋጅ» ይላል። ቀጥሎ ስልኩ ይነዝርና «አሁን ገመዱን ሳብ» ይላል። ኮሎራዶ ያለው ኤብልሊንክ የተባለ ድርጅት ደግሞ ዌይፋይንደር የሚባል አለው። ሰውየው አንድ ቦታ ሲደርስ ጂፒኤሱ ያውቅና የዚያን ቦታ ፎቶና የተቀዳ ድምፅ ያወጣለታል። በ2010 የወጣ ጥናት ላይ በዚህ ዓይነት መሣሪያ የሄዱት አብዛኞቹ ትክክለኛው ፌርማታ ላይ ሲወርዱ፣ ካርታ ይዘው የሄዱት ግን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የቻሉት። እንደ ጉግል ማፕ ያሉት ተራ አፖችም መውረጃ ሲደርስ ያሳውቃሉ። ግን ለእንደኛ ልጆች ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ይበዛል። ደቂቃው፣ አማራጭ መንገዱ፣ ማስታወቂያው ያደናግራቸዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ የሚል መሣሪያ ምረጪ።

ፎቶውን ራስሽ አንሺ። ባሱ ውስጥ እሷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ በዚያ መስኮት የሚታየውን አንሺ። ከመንገዱ ማዶ ቆመሽ ያነሳሽው ቆንጆ ፎቶ እሷ መቼም የማታየው ቦታ ነው። ዛፍም ምልክት አታድርጊ። በጥቅምት ቅጠሉ ይረግፋል፣ በጥር በረዶ ይለብሳል፣ ልጅቷ «ይሄ አይደለም» ብላ ታልፈዋለች። ጡብ ሕንፃ፣ የባንክ ምልክት፣ ድልድይ ይሻላል።

ድምፁንም ራስሽ ቅጂላት። እኛ ቤት አማርኛ ነው፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። እኔ የቦታውን ስም ባሱ እንደሚጠራው በእንግሊዝኛ፣ የሚሠራውን በአማርኛ አድርጌ ቀዳሁለት። «ጆርጂያ አቬኑ። በል አሁን ገመዱን ሳብ፣ ጎበዝ።» የኔ ድምፅ ያረጋጋዋል። ስሙን ደግሞ ከባሱ ሲሰማው ያውቀዋል።

አሁን ወዳንቺ መንገድ ልምጣ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብሩክላንድ ሦስተኛው ጣቢያ ነው። ታኮማ፣ ፎርት ቶተን፣ ብሩክላንድ። የኔ ፍርሃት አቅጣጫው ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ባቡሮቹ ከአንዱ ፕላትፎርም ግራና ቀኝ ነው የሚመጡት። ወደ ግሌንሞንት የሚለው ላይ ከወጣች ቀጣዩ ፎረስት ግሌን ነው። ከሜትሮ ጣቢያዎች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው፣ መውጫው ሊፍት ብቻ ነው። እዚያ መሬት ውስጥ ደግሞ ጂፒኤስ በደንብ አይሠራም፤ አፑ የት እንዳለች ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስልክ አልመክርሽም። የአቅጣጫውን ምልክት ፎቶ አንስተሽ አትሚላት፣ ካርድ አድርገሽ አንገቷ ላይ ይሁን። ከምልክቱ ጋር እያስተያየች በዚያ ጎን ትቁም። ከኋላው የሦስቱን ጣቢያዎች ፎቶ በተራ ለጥፊ፣ ባለፈች ቁጥር በጣቷ ትከተል። ወረቀትም አጋዥ ቴክኖሎጂ ነው፣ ባትሪም አይጨርስም።

ሌላው ሁሉንም ቤተሰብ የሚያስቸግረው የመንገድ መለወጥ ነው። ሰኔ 2025 የሜትሮ ባሶች ስም በሙሉ ሲቀየር፣ በግንባሩ ቁጥር ብቻ ባሱን የሚለዩ ልጆች እንደገና መማር ነበረባቸው። በ2024 ሰመር ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ግሌንሞንት ጣቢያዎቹ ተዘግተው ሹትል ባስ ነበር። አፑ ላይ የጫንሽው ፎቶ በዚህ ጊዜ ያሳስታታል። የአገልግሎት ለውጥ ማስታወቂያውን አንቺ በየሳምንቱ እዪ። መንገዱ ሲቀየር እንደ አዲስ አብረሻት ሂጂ።

መጥፋትንም አለማምጃት። ሆን ብለሽ አንድ ጣቢያ አሳልፊያትና ምን እንደምታደርግ እዪ። እኛ ቤት ያለው ደንብ አጭር ነው። ውረድ፣ ቁም፣ ደውል። ባቡር ጣቢያ ላይ ከሆነ በሩ ጋ ወዳለው ስቴሽን ማናጀር ሄዶ ካርዱን ያሳያል። ካርዱ ላይ «እርዳታ እፈልጋለሁ፣ እባክዎ እዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። የቤት አድራሻ አትጻፊበት። ማታ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ የሷ ሥራ ይሁን። ስልክ በእጅ ይዞ መሄድ ለነጣቂ ያጋልጣል፤ አቅምሽ ከፈቀደ እጇ ላይ የሚነዝር ሰዓት ይሻላል።

ያለችበትን ስልክሽ ላይ ስለማየት ጠይቀሽ ነበር። እኔም አያለሁ። ግን ልጄ እንደማየው ያውቃል፤ የተስማማነውም አብረን ነው። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አትደውዪላት። ባሱ ውስጥ ሆና ካንቺ ጋር ስታወራ መውረጃዋ ያመልጣታል።

ለሜትሮአክሰስም አመልክቺ፤ አካል ጉዳተኞችን በቀጠሮ የሚያጓጉዝ የሜትሮ አገልግሎት ነው። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በመደበኛው ባስና ባቡር ብቻቸውን መሄድ ለማይችሉ አማራጭ እንዲኖር ያስገድዳል። አንዱን መንገድ ብቻዋን መቻሏ ሌላውን ሁሉ ትችላለች ማለት አይደለም፤ ለአንዳንድ ጉዞ ብቻ ብቁ መሆንም አለ። ማመልከቻሽ ተሟልቶ ገብቶ በ21 ቀን ውስጥ ካልወሰኑ፣ እስኪወስኑ ድረስ መጠቀም ትችላለች። ችግሩ፣ ጉዞው ከአንድ ቀን በፊት መያዝ አለበት። ሥራ ዛሬ ቶሎ ቢያልቅ ያው መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳያመልጥሽ፦ ልጅሽ ትምህርት ቤት እያለች ነው መጠየቅ ያለብሽ። የፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ የጉዞ ሥልጠናን ከልዩ ትምህርት አንዱ ብሎ ይቆጥረዋል። አይኢፒ (የልጅሽ የግል የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ላይ «ትራቭል ትሬይኒንግ በግብ ደረጃ ይጻፍልኝ፣ መሣሪያውም ይታይልኝ» በይ። ከስብሰባው በፊት በኢሜይል ላኪው፣ በቃል ብቻ አይቅር። እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የነሱ ነው፤ ታላቅ ወንድሟን አታስተርጉሚ። ከትምህርት ቤት ውጪ ሜትሮም ራሱ በነፃ ያሠለጥናል። መሣሪያ ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ የሜሪላንድ ቴክኖሎጂ አሲስታንስ ፕሮግራም ጠይቂ፣ አውሰው ያስሞክሩሻል።

ከቤታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የምታደርሳት የትኛዋ ባስ ናት? ራይድ ኦን (የሞንትጎመሪ ካውንቲ ባስ) ከሆነች አሁን ነፃ ናት፣ የመክፈያ ካርዱ የሚያስፈልጋት ባቡሩ ላይ ብቻ ይሆናል። እሱን ጻፊልኝና መውረጃው ላይ ምን ምልክት እንደሚሆናት አብረን እናያለን።