የቁጥቋጦ ስም በኡርዱ፦ ለወጣት አትክልተኞች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በአትክልት ሥራ ላይ ላላችሁ ወጣቶች ነው። በተለይ ደግሞ ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ዶሃ ሄዳችሁ በችግኝ ጣቢያና በግቢ ማስዋብ ሥራ ለገባችሁ። እኔም የሠራሁት በዚሁ ሙያ ነው። የእጅ ሥራውን በደንብ ያሳዩኝ እዚያ ያገኘኋቸው የፓኪስታን አትክልተኞች ናቸው። እነሱ አትክልተኛን «ማሊ» ይሉታል። አንዱ ፑንጃብኛ ይናገራል፣ ሌላው ፓሽቶ። የሚገናኙት በኡርዱ ነው።

የምመክራችሁ ነገር አንድ ነው። የቁጥቋጦዎቹን የኡርዱ ስም ከነትርጉሙ ተማሩ። ብዙ ወጣቶች «አረብኛና እንግሊዝኛ ካወቅኩ ይበቃኛል» ይላሉ። ከደንበኛ ጋር ለመነጋገር ይበቃል። ተክሉን ለማወቅ ግን አይበቃም። ማሊዎቹ ብዙውን ተክል የሚጠሩት በጠባዩ ነው። መቼ እንደሚሸት፣ ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደሚያገለግል ስሙ ውስጥ አለ።

«ራት ኪ ራኒ»ን ውሰዱ። ራት ሌሊት ነው፣ ራኒ ደግሞ ንግሥት። የሌሊት ንግሥት ማለት ነው። ቀን ላይ ብታዩት ምንም አይማርካችሁም። አበባው ቀጭን ነው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ስሙን የሚያውቅ ሰው የት እንደሚተክለው ያውቃል። ማታ ሰው የሚቀመጥበት በረንዳ አካባቢ ያምርበታል። መኝታ ቤት መስኮት ሥር ከተተከለ ግን ራስ ምታት የሚይዘው ሰው ይኖራልና አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንድሙ «ዲን ካ ራጃ» ይባላል፣ የቀን ንጉሥ። እሱ የሚሸተው ቀን ነው፣ ፍሬውም ጥቁር ነው። ቀን ብቻ ለሚከፈት መሥሪያ ቤት የሌሊት ንግሥትን የተከለ ሰው ገንዘብ አባከነ። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገም፣ ሁለቱ ስሞች ነግረዋችኋል።

«ሞቲያ» ከሞቲ የመጣ ነው፣ ሞቲ ሉል ነው። እምቡጡን ስታዩት ምክንያቱ ይገባችኋል። ሳይፈነዳ ይለቀምና በክር ይሰካል፣ ሴቶች በእጃቸውና በፀጉራቸው ያደርጉታል። አረቦቹ «ፉል» ይሉታል። ስለዚህ ደንበኛው ፉል ሲል ማሊው ሞቲያ ያመጣል። «ቻንድኒ» የጨረቃ ብርሃን ነው፣ አበባው ንጹህ ነጭ ነው። «ሳዳባሃር» ደግሞ ሁልጊዜ ጸደይ ማለት ነው፣ ማበብ አያቋርጥም። ለካንሰር ሕክምና የሚውሉት ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የተገኙት ከዚሁ ትንሽ ተክል ነው።

«ቻምቤሊ»ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፓኪስታን ብሔራዊ አበባ ነው፣ የእኛ ጠምበለል ዘመድ። «ጉላብ» ጽጌረዳ ነው። ቃሉ ከፋርስኛ የመጣ ነው፤ ጉል አበባ፣ አብ ውሃ። ፋርሶች ጉላብ የሚሉት የጽጌረዳውን ውሃ ነው፣ በኡርዱ ግን አበባው ራሱ ጉላብ ሆነ።

እኔ አብልጬ የምወዳቸው ፍሬ የሚሰጡትን ነው። ከእነሱ ውስጥ «ፋልሳ»ን የሚያህልብኝ የለም። ትንሽ፣ ክብ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላት ፍሬ ነች። በላሆርና በሙልታን ሙቀቱ ሲከፋ ገበያ ትወጣለች። ጨው ነስንሰው ይበሏታል፣ ሻርባት የሚሉትን ጣፋጭ መጠጥም ይሠሩባታል። ቶሎ ስለምትበላሽ ሩቅ አትጓዝም። የእኛ ለንቋጣም የዚሁ ወገን ነው፣ በሳይንሳዊ ስማቸው ሁለቱም ግሬዊያ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ላስይዛችሁ። ፋልሳ የሚያፈራው በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ገበሬዎቹ በክረምታቸው፣ ታኅሣሥና ጥር አካባቢ፣ አጭር አድርገው ይቆርጡታል። ለጀማሪ ጭካኔ ይመስላል። ካልተቆረጠ ግን ዛፉ ይረዝማል፣ ፍሬው ያንሳል፣ ለመልቀምም ያስቸግራል።

«ካሮንዳ» ሲሏችሁ አጋምን አስቡ። አንድ ወገን ናቸው። እሾሁም፣ ስትቆርጡት የሚወጣው ነጭ ወተትም ያው ነው። እኛ ዘንድ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይባላል። እዚያም እሾሁን ፈልገው አጥር ያደርጉታል። ልዩነቱ እነሱ ጎምዛዛውን ፍሬ አቻር ይሠሩበታል፣ ማለትም በዘይትና በቅመም ያቆዩታል። የእኛን አጋም ግን እረኛ ልጆች በልተው ይጨርሱታል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ከእናንተ አንዱ ከአጋም ፍሬ ጥሩ ማርማላታ ሠርቶ ለገበያ ቢያቀርብ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ከሰሜኑ ተራሮች፣ ከስዋትና ከቺትራል የመጣ ማሊ ካገኛችሁ ስለ «ዳርሃልድ» ጠይቁት። እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፣ የሚጎመዝዝ ፍሬ አለው። ፍሬው ሲደርቅ «ዛሪሽክ» ይባላል። ዳርሃልድ ማለት እርድ እንጨት ነው። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ብትፍቁት ውስጡ ቢጫ ነው። ቢጫ ያደረገው በርበሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ከሥሩ «ራሶት» የሚሉት መድኃኒት ይወጣል። ሰው ሥሩን እየቆፈረ ስለሚወስድ ተክሉ በየተራራው እየተመናመነ ነው፣ ይህም ያሳስበኛል።

«ፓኒር ዶዲ» ደግሞ አለ። ፓኒር አይብ ነው። የባሎቺስታን ሰዎች ፍሬውን ወተት ውስጥ ጨምረው አይብ ይሠሩበታል። ይህ ተክል የእኛ ጊዛዋ የቅርብ ዘመድ ነው። ራሱ ጊዛዋም እዚያ ይበቅላል፣ «አስጋንድ» ይባላል፣ የፈረስ ሽታ ማለት ነው። ሥሩ ፈረስ ፈረስ ስለሚሸት ነው። እኛ አገር ቤት ጊዛዋን ለጭስ እንጠቀምበታለን። እነሱ ሥሩን አድርቀው ፈጭተው በወተት ይጠጡታል።

አሁን ስለ ጥንቃቄ። የሕዝብ ስም ብዙ ያስተምራል፣ ግን ከመንደር መንደር ይለዋወጣል። የሌሊት ንግሥትን በእንግሊዝኛ «የሌሊት ጃስሚን» የሚሉት አሉ። ጃስሚን አይደለም። ከድንች ቤተሰብ ነው፣ ነጩ ፍሬውም መርዝ ነው። ጃስሚን ነው ብሎ ሻይ ውስጥ የሚጨምር ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ከኡርዱው ስም ጎን ሳይንሳዊውን ጻፉ። ለምሳሌ «ራት ኪ ራኒ፣ ሴስትረም ኖክተርነም»። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የምትተማመኑት።

ከሁሉም በላይ «ካኔር»ን እወቁ። አረቦቹ ዲፍላ የሚሉት ነው። ሙቀትና ድርቀት ስለሚችል በየመንገዱ ዳር ተተክሏል፣ አበባውም ሮዝና ነጭ ሆኖ ያምራል። ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው፤ ልብን ነው የሚመታው። ስትገርዙት ጓንት አድርጉ። ቅርንጫፉን አታቃጥሉ፣ ጭሱም ይጎዳል። ፍየልና በግ ባለበት አትጣሉት። በእንጨቱ ሥጋ መጥበስ ፈጽሞ አይታሰብም። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ንገሩት።

«ፓንች ፉሊ»ም አለ፣ አምስት አበባ ማለት ነው። ላንታና ነው። በአማርኛ የወፍ ቆሎ ይባላል፣ እኔ ከሁለቱ የእኛን እመርጣለሁ። ወፍ ፍሬውን ትበላለች፣ ዘሩን የትም ታደርሳለች፣ ግጦሹን ይወርሰዋል። የድሬዳዋ አካባቢ አርብቶ አደር ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ከብት ቅጠሉን ከበላ ይታመማል። ለውበት ብላችሁ አገር ቤት አታስፋፉት።

እንዴት ትማራላችሁ? ማሊውን በአክብሮት ጠይቁት። በዕድሜ ከገፋ «ቻቻ» በሉት፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ሥራ የሚያስተምራችሁ እሱ ከሆነ «ኡስታድ» በሉት። የቸኮለ ሰው ስሙን ብቻ ይነግራችኋል። ሻይ ሲጠጣ ጠይቁት፣ ያኔ ትርጉሙንም፣ እናቱ ምን ትሠራበት እንደነበርም ይነግራችኋል። ስሙን በኡርዱ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፣ እናንተ ደግሞ ከሥሩ እንደሰማችሁት በፊደላችን ጻፉት። የሥራ ቃላቱም አይቅሩባችሁ። «ጋምላ» ማሰሮው ነው፣ የአበባ ማሰሮው። «ካድ» ማዳበሪያ። ለመትከል የሚቆረጠው ቅርንጫፍ «ቃላም» ነው፣ ብዕርንም ቃላም ይላሉ። «ቃላም ላጋኦ» ካሏችሁ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ትከሉ ማለታቸው ነው።

ዕረፍት አገር ቤት ስትመጡ ደግሞ የራሳችንን ቁጥቋጦ ፎቶ አንሱ። ክትክታን አንሱና ለማሊው ላኩለት። «ሳናታ!» ይላችኋል፣ እሱም አገር ሞልቷል። ወይራን ላኩለት፣ «ካው» ይላችኋል። ዛፉ ያው የእኛው ነው፣ ዝርያው እንኳ አይለይም። እነሱ ግን በዱሩ ወይራ ላይ ዘይት የሚሰጠውን ወይራ ያዳቅሉበታል፣ ማለትም ቅርንጫፉን ቆርጠው ግንዱ ላይ ያያይዙታል። እንዴት አድርገው እንደሚያዳቅሉ፣ በየትኛው ወር፣ ቢላዋውን በምን እንደሚያጸዱ አንድ በአንድ ጠይቁትና ጻፉት።