የልጇ መነጽር ቁጥር አልረጋ ላላት እህት

ሰላም እህቴ፣ የ16 ዓመት ልጄ መነጽሩ በ1 ዓመት ሁለቴ ተቀየረ፣ አሁን ደግሞ የኮርኒያ (የዓይን ፊት ላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ምስል ይነሳ አሉኝ፣ ብር ለመልቀም ነው ወይ ብለሽ የጠየቅሽው አንጀቴን በላው፣ እኔም እዚሁ ሀዋሳ በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት። ብር መልቀም አይደለም፣ ይነሳ።

2ኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ ማታ ከፒያሳ ስመለስ የባጃጅ መብራት ጭራ አውጥቶ ነበር የሚታየኝ፣ ጨረቃ ራሷ ሁለት ሦስት ትሆንብኛለች። አንድ መነጽር ቤት (ስሙ ይቅር) 3 ጊዜ መነጽር ቀየረልኝ፣ ሲሊንደሩ (የኮርኒያን መጣመም የሚያስተካክለው የመነጽር ቁጥር) በየጊዜው ይጨምራል፣ ለምን ይሄን ያህል ሮጠ ያለ ግን የለም። በኋላ አንዲት ኦፕቶሜትሪስት (ዓይን መርምራ መነጽር የምታዝ ባለሙያ) በእጅ በምትያዘዋ መብራት ዓይኔን አይታ ብርሃኑ እንደ መቀስ ይከፈትና ይዘጋል አለችና አዲስ አበባ ላከችኝ። ኬራቶኮነስ ሆኖ ተገኘ፣ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት መሾል ማለት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የታመመው ቀኙ ነው፣ ግራዬ ሰሌዳውን እስከ ታች ይለቅማል፣ እሱስ ደህና ነው ብዬ ነበር። ፔንታካም በሚባለው የኮርኒያ ምስል ማንሻ ማሽን ሲያነሱኝ (አገጭሽን ታስደግፊያለሽ፣ ሰማያዊ መብራት ታያለሽ፣ ካሜራው ዞር ይላል፣ 2 ሰከንድ ገደማ ነው አያምም) የግራዬ ኮርኒያ የፊቱ ገጽ ምንም የለበትም፣ ጀርባው ግን መወጠር ጀምሯል። ተራው ቶፖግራፊ የሚባለው ማሽን ክብ ክብ መስመር ኮርኒያው ላይ አብርቶ ነጸብራቁን ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ የፊቱን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ፔንታካም የጀርባውንም ውፍረቱንም ይለካል፣ በሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስታውቀው እዛ ጋ ነው። ስትደውዪ የቱ ማሽን እንዳላቸው ጠይቂ።

ምስሉ ላይ ቀይ ቀለም ስታዪ አትደንግጪ እሺ፣ ቀዩ ሾል ያለውን ቦታ ነው የሚያሳየው፣ ዓይን ሲደርቅም ምስሉ ይበላሻል፣ ሐኪሙ ያንብብልሽ። ውፍረቱን ግን እይው፣ የብዙ ሰው መሃሉ ላይ 540 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) አካባቢ ነው፣ የኔ ቀኝ 452 ነበር።

ልጅሽ ሶፍት ሌንስ (ዓይን ላይ የሚደረገው ለስላሳው ሌንስ) ካደረገ ቢያንስ 1 ወይ 2 ሳምንት ቀድሞ ያውልቅ፣ እኔ አድርጌው ሄጄ መለሱኝ፣ የመንገድ ብሬ ቀለጠ። ወረቀቱንም እንዳትጥዪው! አንድ ምስል ብቻውን እየባሰ ነው ወይም አልባሰም አይልሽም፣ ከወራት በኋላ እዛው ማሽን ላይ ተነስቶ ነው የሚነጻጸረው። እየገፋ ከሆነ ክሮስሊንኪንግ የሚባል አለ፣ ቫይታሚን ቢ2 ጠብታ እያደረጉ አልትራቫዮሌት ያበሩበታል፣ ባለበት ለማቆም ነው እንጂ የሾለውን ወደ ድሮው አይመልስም፣ የተለመደው አሠራር ደግሞ 400 ማይክሮን ውፍረት ይፈልጋል፣ ከዛ በታች ከሳሳ ነገሩ ይከብዳል።

ዓይኑን ያሻል ወይ? አለርጂ ካለበት አሳክሚው፣ እኔ ሳጠና በጉልበት ነበር የማሸው። ታናናሾች ካሉትም ይታዩ፣ በዘር ይሄዳል፣ የኔን ወንድም ወስጄው ንጹህ ወጣ፣ ማሸቱን ግን አልተወም፣ እማዬ እጁን እየመታች ነው።