ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ስኳር ይወስዳል?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት አባቴ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ይወስዳሉ። ከቁርስ በኋላ የጦሳን ዳገት 40 ደቂቃ ይራመዳሉ። ሲወጡ 190 የነበረው ስኳር ሲመለሱ 120 ይሆናል። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን አይታዘዝም ከተባለ ስኳሩን ማን አስገባው? አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ላብ አጥምቋቸው ይነቃሉ። ከጉዞው ጋር ይያያዛል? (ከደሴ)

መልስ፦ ያስገባው የጭናቸውና የባታቸው ጡንቻ ነው። ስኳር ወደ ጡንቻ ሴል የሚገባው ግሉት-4 በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው። ሰው ሲያርፍ አብዛኛው ግሉት-4 ሴሉ ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል፤ ወደ ሽፋኑ የሚያወጣው የኢንሱሊን ትእዛዝ ነው። በዓይነት 2 የሚደክመው ይህ ትእዛዝ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ግን ሴሉ ውስጥ የሚለቀቀው ካልሲየም፣ እንዲሁም የሴሉ ጉልበት ሲመናመን የሚነቃው ኤኤምፒኬ የተባለ ኢንዛይም በሌላ መንገድ ያወጡታል፤ ደምም ወደዚያው ይጎርፋል። ይህ መንገድ በአባትዎ ላይ አልተበላሸም፤ እርምጃቸውን በፍጹም እንዳይተዉ!

ላቡን ግን በቀላሉ አይዩት። ከጉዞው በኋላ ጡንቻው የጨረሰውን የስኳር ክምችት ለመተካት፣ እስከ 24 አንዳንዴም እስከ 48 ሰዓት ለኢንሱሊን ከወትሮው ይበልጥ ይታዘዛል። ግሊቤንክላሚድ ደግሞ የደም ስኳር ቢወርድም ቆሽትን ኢንሱሊን ልቀቅ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ በተለይ እራት ካነሰ ወይም ጾም ከሆነ፣ ስኳሩ ሌሊት ይወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን እምብዛም አያደርግም።

ላብ ሲቀሰቅሳቸው ወዲያው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ቆሎ ወይም እንጀራ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ለዚያች ሰዓት አይደርስም፤ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ ግን ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። የለኩትን ከነሰዓቱ ጽፈው ለሐኪማቸው ያሳዩ፤ የግሊቤንክላሚዱን መጠን የሚቀንሰው ወይም የሚቀይረው እሱ ነው። ልኬቱ ደህና ሆኖ ላቡ ከቀጠለም ይንገሩት፤ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ከመውጣታቸው በፊት ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ይብሉ። ከ250 በላይ ሆኖ ማስታወክ ወይም ሕመም ካለ ጉዞው ይቅርና ወደ ሐኪም ይሂዱ። ዳገቱን እያወሩ ለመሄድ በሚያስችል ፍጥነት ይውጡት፤ በጣም ከተጣደፉ አድሬናሊን ጉበትን ስኳር ስለሚያስለቅቀው ልኬቱ ለጊዜው ሊጨምር ይችላል። ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ።